ከዚያስ? የስታር ትሬክ ወዳጆችን ፍለጋ በጎጃም

ሰኞ፣ ጥር 13 ቀን 2011 ዓ.ም.

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል መነኸሪያ ደረስኩ። ቦርሳዬ ውስጥ አንድ ሹራብ፣ አንድ ሃርድ ዲስክ እና ሦስት ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት አለ። የቁጥሮቹን ባለቤቶች በአካል አላውቃቸውም። አንዱ ደብረ ማርቆስ፣ አንዱ ፍኖተ ሰላም፣ አንዱ ባሕር ዳር ነው። በስልክ ግን ከዓመት በላይ አውርተናል፤ አንዳንዴ እስከ እኩለ ሌሊት። ወሬያችን ሁሌም አንድ ነው፤ ስታር ትሬክ።

ዛሬ የተነሳሁት በምክንያት ነው። ባለፈው ሐሙስ «ዲስከቨሪ» የተባለው አዲሱ ተከታታይ ሁለተኛ ሲዝኑን ጀምሯል። ቀጣዩ ክፍል ዓርብ እጃችን ይገባል። የባሕር ዳር ልጆች «ና አብረን እንየው» አሉኝ። እኔም በየከተማው እያደርኩ፣ ሁሉንም እያየሁ እንደምመጣ ነገርኳቸው።

ለማያውቀው ሰው ላስረዳ። ስታር ትሬክ ጂን ሮደንቤሪ የተባለ አሜሪካዊ የፈጠረው የሳይንስ ልብ ወለድ ነው። ኢንተርፕራይዝ የምትባል መንኮራኩር ከኮከብ ኮከብ ትዞራለች። ውስጧ ነጭ፣ ጥቁር፣ እስያዊ፣ ሩሲያዊ እና ጆሮው የሾለ የሌላ ዓለም ሰው አብረው ይሠራሉ። ለ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ቴሌቪዥን ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ጥቁሯ መኮንን ኡሁራ ትባላለች። ስሟ «ኡሁሩ» ከሚለው የስዋሂሊ ቃል የመጣ ነው፤ ነፃነት ማለት ነው። ተዋናይቷ ኒሼል ኒኮልስ ከመጀመሪያው ሲዝን በኋላ ልትለቅ ነበር። እንዳትለቅ ያግባባት ማርቲን ሉተር ኪንግ ነው።

ጣቢያው ኤንቢሲ ከሁለተኛው ሲዝን በኋላ ሊያቋርጠው አስቦ ነበር። ቢጆ እና ጆን ትሪምብል የተባሉ ባልና ሚስት ተመልካቹን አስተባበሩ። ደብዳቤ ዘነበ። በ1968 እ.ኤ.አ. ጣቢያው «ይቀጥላል» ብሎ በአየር ላይ ተናገረ። እንደዚያም ሆኖ በ3 ሲዝን፣ በ79 ክፍል ቆመ። ከቆመ በኋላ ነው እንግዲህ ወዳጁ የበዛው። በ1972 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ውስጥ ትልቅ ጉባኤ ተደረገ። በ1976 ደግሞ ናሳ የመጀመሪያዋን ሽትል፣ የእውነቷን የጠፈር መንኮራኩር፣ ሌላ ስም ሊያወጣላት ሲል እንደገና ደብዳቤ ጎረፈ። ፕሬዚዳንት ፎርድም ኢንተርፕራይዝ አሏት። ያቺ ሽትል አንድም ቀን ጠፈር አልወጣችም። አየር ላይ ለሙከራ ብቻ ነው የበረረችው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ሆዴን ባር ባር ይለዋል።

ጎሃ ጽዮን ላይ ቁልቁለቱ ጀመረ። ጆሮዬ ተደፈነ። መኪናው እየተጠማዘዘ ሲወርድ ብርዱ ቀርቶ ሙቀት ገባ፤ ሹራቤን አወለቅሁ። ከታች አሮጌው ድልድይና አዲሱ የሕዳሴ ድልድይ ጎን ለጎን ይታያሉ። ዓባይ በጥር ወር ቀጭን ነው፤ ግን ገደሉን የቆፈረው እሱ ነው። ተሳፋሪው ሁሉ ዝም አለ። ከዚያ ደጀን፣ ከዚያ ሜዳው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደብረ ማርቆስ ገባሁ። ደክሞኝ ስለነበር የከተማው ወዳጄ መምህሩ ጋ ደውዬ ቀጠሮውን ለነገ አደረግነው።

ማክሰኞ፣ ጥር 14

መምህሩ ፊዚክስ ያስተምራል። ረጅም፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው። የጠዋት ክፍሉን ጨርሶ ሰባት ሰዓት ላይ መጣ። በሩቁ ሲያየኝ ሳቀ። «በድምፅህ ወፍራም መስለኸኝ ነበር» አለኝ።

ቤቱ አንድ ክፍል ናት። ከአልጋው ሥር የቆርቆሮ ሳጥን ጎተተ። ሲከፍተው 14 ደብተር ተደርድሯል። ሁሉም በአሮጌ ካላንደር ወረቀት ተለብደዋል። አንዱን አንስቼ ገለጥኩ። የእያንዳንዱ ክፍል ርዕስ በቀይ እስክሪብቶ፣ ታሪኩ በሰማያዊ ተጽፏል። ልክ ብራና ላይ የቅዱሳን ስም በቀይ ቀለም እንደሚጻፈው። መስመር አይስትም፤ ስርዝ የለውም።

ነገሩ የተጀመረው ዩኒቨርሲቲ እያለ ነው። ከጓደኞቹ መካከል ላፕቶፕ የነበረው አንድ ልጅ ብቻ ነበር። መምህሩ ከልጁ ጋር ያይና ማታ ዶርም ውስጥ ላልጋ ጎረቤቶቹ ይተርክላቸዋል። ያመለጠው ሰው በነጋታው «ድገምልኝ» ይላል። መድገም ሲሰለቸው ጻፈው። አንዱ ወሰደው፣ አንዱ ለሌላው አቀበለው። ከዚያ በኋላ ማቆም አልቻለም። የመጀመሪያውን ተከታታይ 79 ክፍል ጨርሷል። «ቀጣዩ ትውልድ» ብሎ ከተረጎመው ከሌላው ተከታታይ፣ 178 ክፍል ካለው፣ 121ዱን ጽፏል። ዛሬ ደብተሮቹን የሚያነቡት ተማሪዎቹ ናቸው። አንድ ደንብ አለው። ደብተር የተዋሰ ሰው ሲመልስ አንድ ክፍል ራሱ ጽፎ ማምጣት አለበት። የመጣው ጽሑፍ ለብቻው ተሰፍቶ ሳጥኑ ውስጥ ይገባል።

ከጽሑፉ ይልቅ ኅዳጉ ነው ያስቀረኝ። በእርሳስ፣ በተለያየ እጅ፣ ክርክር ተጽፏል። «ካፒቴኑ ተሳስቷል።» ከሥሩ፦ «አልተሳሳተም፤ ሕጉን አክብሮ ነው።» ከሥሩ ደግሞ፦ «ሕጉ ራሱ ልክ ካልሆነስ?» ስለ የትኛው ሕግ እንደሚከራከሩ ወዲያው ገባኝ። የመንኮራኩሯ ሰዎች በሌላ ዓለም ሕዝብ ኑሮ ጣልቃ እንዳይገቡ የሚከለክለው ነው። መምህሩ «ቀዳሚት ሕግ» ብሎ ተርጉሞታል። ሁለት ክፍል መጨረሻ ላይ የልጅ እጅ በትልቁ «ከዚያስ???» ብሎ ጽፏል።

ስለ ቃላቱ ብዙ አወራን። «መንኮራኩር» ለኛ ቋንቋ የተሰጠ ስጦታ ነው ይላል፤ ከሕዝቅኤል ራእይ ወደ ጠፈር በቀጥታ የሄደ ቃል። ሰውን ከቦታ ቦታ በብርሃን የሚያሻግረውን መሣሪያ መጀመሪያ «መሰወሪያ» ብሎት ነበር። «ካፒቴኑ ተሰወረ» ብሎ ሲጽፍ ግን አንድ አንባቢ ተቆጣው። «መሰወር የቅዱሳን ነው። ለብረት ‹መላኪያ› ይበቃዋል» አለው። አረመው።

«ማነው እሱ አንባቢ?»

«የኔታ ናቸው» አለኝና አሥራ ሦስተኛውን ደብተር ገለጠ። መሃሉ ላይ አንድ ክፍል በሌላ እጅ ተጽፏል። ፊደሉ ተልቅ ያለ፣ ትንሽ ወደ ግራ ያጋደለ ነው። ርዕሱ «ዳርሞክ» ይላል። «ይሄን እኔ አራት ጊዜ ሞክሬ አቃተኝ። የኔታ በቃል ተናገሩ፣ ፀጉር አስተካካዩ ጻፈ። ነገ ታገኛቸዋለህ።»

ወደ ማምሻው በእግር ወጣን። የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤተ መንግሥት ጋ ስንደርስ መምህሩ ቆመና ከኪሱ አውጥቶ እንደሚያሳየኝ ነገር ዝግ ብሎ ተናገረ። «ዲፕ ስፔስ ናይን» የተባለው ሌላኛው የስታር ትሬክ ተከታታይ ላይ ዶክተር ባሺርን የሠራው ተዋናይ ሱዳን የተወለደ ነው። መጀመሪያ ሲዲግ ኤል ፋዲል በሚል ስም ይጻፍ ነበር፤ በኋላ አሌክሳንደር ሲዲግ አለው። አጎቱ የሱዳን ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ሳዲቅ አል-መሐዲ ናቸው። ዘራቸው ከድርቡሾች መሪ ከመሐዲው ይመዘዛል። እኚህ ንጉሥ ደግሞ በ1880 ዓ.ም. ሳር ውሃ ላይ ከድርቡሾች ጋር ተዋግተው ተሸንፈዋል።

«አየህ» አለኝ፣ «የአያቶቻችን ጠላት የልጅ ልጅ፣ በፊልሙ ዓለም ሰው ሳይለይ የሚያክም ሐኪም ሆነ። እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ እሱን በአማርኛ እጽፋለሁ።» እዚያው ጥቂት ቆምን። ብርዱ ሲበረታ ተመለስን።

ረቡዕ፣ ጥር 15

በሚኒባስ ፍኖተ ሰላም። ደምበጫ ላይ ሻይ፣ ጅጋ ላይ ሰው ለማውረድ ትንሽ ቆምን። ሌላ የምጽፈው የለም፤ ልቤ ቀድሞኝ ሄዷል።

ፀጉር ቤቱ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው። ሁለት ወንበር፣ አንድ ረጅም መስታወት፣ ጥግ ላይ ቴሌቪዥን። ባለቤቱ የሰው ጭንቅላት ይዞ «ግባ ግባ፣ የኔታ እየጠበቁህ ነው» አለኝ። የኔታ የደንበኛ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ነጭ ጋቢ፣ ከሥሩ ኮት፣ በሁለት እጃቸው የያዙት ዘንግ። እጃቸውን ዘርግተው ትከሻዬን፣ ከዚያ ራሴን ዳሰሱ። «ፀጉርህ በዝቷል» አሉ። ሳቅን።

በልጅነታቸው ፊደል ከቆጠሩ በኋላ ኩፍኝ ዓይናቸውን ወሰደው። ቆሎ ተማሪ ሆኑ። ዋሸራ ቅኔ ተቀኙ። በኋላ ዘመናዊ ትምህርት ተምረው ዛሬ ሁለተኛ ደረጃ እንግሊዝኛ ያስተምራሉ። ዕድሜያቸው ከአርባ ብዙ አይዘልም። «የኔታ» የሚሏቸው ለእውቀታቸው ነው፤ እኔም ከአንቱ መውረድ አልቻልኩም።

ማታ ሁለት ሰዓት ላይ በሩ ተዘጋ። የምሽቱ ክፍል ከሃርድ ዲስኬ ተመረጠ፤ ካፒቴኑ ፒካርድ ከሆነበት ከ«ቀጣዩ ትውልድ»። ፀጉር አስተካካዩ መቀሱንና ማበጠሪያውን አጥቦ አስቀመጠና ከየኔታ ቀኝ ተቀመጠ። ሰዎቹ ሲናገሩ ዝም ይላል፤ የኔታ እንግሊዝኛውን ራሳቸው ይሰማሉ። ንግግሩ ሲቆም እሱ ይጀምራል። ድምፁን አያነሳም።

«ዝም ብለው እየተያዩ ነው። ፒካርድ ተነሳ። ልብሱን ወደ ታች ጎተተ። በመስኮቱ ኮከቦቹ ወደ ኋላ እየሄዱ ነው፣ ቀስ ብለው። ሴትየዋ አልተነሳችም።»

«ከዚያስ?»

«አሁን አየችው።»

እዚህ ላይ እኔ ፊልሙን ማየት ትቼ እሱን ማዳመጥ ጀመርኩ። ስንት ጊዜ ያየሁት ክፍል ነው። ሴትየዋ ቀና ያለችበትን ቅጽበት ግን አስተውዬው አላውቅም ነበር። ካፒቴን ፒካርድ ሲነሳ ልብሱን ቁልቁል የሚጎትተው ነገር በዓለም ላይ ባሉ ወዳጆች ሁሉ የታወቀ ነው፤ ስም ሁሉ አውጥተውለታል። የኔታ አንድም ቀን ሳያዩት ለምደውታል። ሻይ ሊጠጡ ሲነሱ ኮታቸውን በሁለት እጃቸው ቁልቁል ሳብ አደረጉ።

ከፊልሙ በኋላ ስለ ጆርዲ ላ ፎርጅ አነሳሁ። ኢንተርፕራይዝ ላይ ዓይነ ስውር ሆኖ፣ ዓይኑ ላይ በሚያደርገው መሣሪያ የሚያየው መሐንዲስ ነው። የሚሠራው ሌቫር በርተን ነው። የኔታ ጆርዲን ይወዱታል ብዬ ነው ያነሳሁት። ወደውታል፤ ግን እኔ በጠበቅሁት ምክንያት አይደለም።

«ስሙ የማን እንደሆነ ታውቃለህ? ጆርጅ ላ ፎርጅ የሚባል ወዳጅ ነበረ። ጡንቻው እየደከመ በጋሪ ወንበር የሚሄድ። በየጉባኤው ይገኝ ነበር። በ1975 በእነሱ አቆጣጠር ሞተ። ሰዎቹ አልረሱትም። የሚወደው መንኮራኩር ውስጥ አስገቡት።» ጥቂት ቆዩ። «ተስካር ማለት ይሄ ነው።»

ደግሞ ሌላ ነገር ጨመሩ። ሌቫር በርተን ያንን መሣሪያ ዓይኑ ላይ ሲያደርግ የእይታውን አብዛኛውን ይጋርድበት ነበር። ካሜራው ፊት ሁሉን የሚያይ መስሎ፣ በእውነት ግን ዕቃ እየመታው ነው የሚሄደው። ራሱንም ያመው ነበር። «ስለዚህ አረማመዱን ያውቀዋል» አሉ የኔታ፣ ደስ ብሏቸው። «ይሄ ልጅ እየዳሰሰ ነው የተወነው።»

ጆሮው የሾለው ስፖክ የሚያደርገውን የእጅ ሰላምታ የተማሩት በመዳሰስ ነው። ፀጉር አስተካካዩ ጣቶቻቸውን ሁለት ሁለት አድርጎ ለያየላቸው። ተዋናዩ ሊናርድ ኒሞይ ይህን ከምናቡ አላመጣውም። በልጅነቱ ቦስተን ምኩራብ ውስጥ ካህናቱ ሲባርኩ አጮልቆ አይቶ ነው። ጣቶቹ የሚሠሩት ሺን የሚባለውን የዕብራይስጥ ፊደል ነው። ይህን ስነግራቸው የኔታ ቀድመውኝ ነበር። እጃቸውን አነሱ። «ሺን ማለት የኛው ንጉሡ ሠ ናት። ዳዊት ስንደግም በ118ኛው መዝሙር የዕብራይስጥ ፊደላትን ስም እየጠራን ነው ያደግነው። ቅርጿ ትዝ ይለኛል። ሦስት ጣት ወደ ላይ።» የጨለማው ሰው ከልጅነቱ ይዟት የቀረውን ፊደል በእጁ ሲሠራ በመስታወቱ ውስጥ አየሁት።

መተኛቴ ሲደርስ አንድ ነገር ጠየቁኝ። «የመጀመሪያው ክፍል የታየው መቼ ነው? በኛ አቆጣጠር።» መስከረም 8 ቀን 1966 እ.ኤ.አ. መሆኑን አውቃለሁ፤ ቀይሬው ግን አላውቅም። በጣት ቆጠርን። ጳጉሜን 3 ቀን 1958 ዓ.ም. መጣ።

የኔታ ዘንጋቸውን መሬት ላይ አንዴ መቱ። «ሩፋኤል! ርኅወተ ሰማይ!»

ጎጃም ያደገ ልጅ ይህን ቀን አይረሳውም። ሰማይ የሚከፈትበት ዕለት ነው ተብሎ፣ ዝናቡ ጠበል ነው ተብሎ፣ ሕፃን ሁሉ ራቁቱን ደጅ ወጥቶ ይጠመቃል። ስንት ዘመን ስንወድደው የኖርነው ነገር ልደቱ በዚያ ቀን ነው። ሦስታችንም ለጊዜው መናገር አቃተን። ቆይተው የኔታ እንዲህ አሉ። «‹ሰማይ› ስትል መጀመሪያ ከአፍህ የሚወጣው ‹ሰማ› ነው። ‹አየ› አይደለም።»

ሐሙስ፣ ጥር 16

የኔታና ፀጉር አስተካካዩ አብረውኝ ተሳፈሩ። ከትምህርት ቤት ሁለት ቀን ፈቃድ፣ ከደንበኛ ሁለት ቀን ይቅርታ። መምህሩ ሥራ ይዞት ቀረ፤ አሥራ ሦስተኛውን ደብተር ግን ትናንት ለእኔ አደራ ሰጥቶኛል።

ቡሬን አለፍን። እንጅባራ ልንደርስ ስንል ዘንገና ሐይቅ። ሾፌሩ አምስት ደቂቃ ሰጠን። ክብ፣ ጥልቅ፣ ዙሪያው ደን ነው። ፀጉር አስተካካዩ ለየኔታ ሲነግር ሰማሁት። «ድስት ነው። ክዳኑ የተነሳ ድስት። ውሃው ጠርዙ ድረስ አልመጣም።» መንገዱ ላይ ያጌጡ ፈረሶች አለፉን። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል ጥር 23 ነው፤ ከአሁኑ ማለማመድ ጀምረዋል።

ዳንግላ ያደርነው ለአንዲት ልጅ ብለን ነው። የነርስ ተማሪ ናት። ልብስ ሰፊ ቤት ቀጥራን አገኘናት። ሰማያዊ የስታርፍሊት፣ የመንኮራኩሯ ሠራተኞች፣ ልብስ እያሰፋች ነበር። በመጀመሪያው ተከታታይ ሰማያዊ የሐኪምና የተመራማሪ ቀለም ነው፤ ወርቃማው የአዛዥ፣ ቀዩ የመሐንዲስ። ቀለሙን ለማግኘት ሦስት ገበያ ዞራለች። ልብስ ሰፊው ሽማግሌ ናቸው፤ አንድ ነገር አልዋጥ ብሏቸዋል።

«ልጄ፣ ኪሱስ?»

«ኪስ የለውም አባባ።»

«ሐኪም ያለ ኪስ? መርፌውን የት ታደርጊው?»

በመጨረሻ ተስማሙ። ኪሱ ከውስጥ በኩል ተሰፋ። ከውጭ አይታይም።

ለምን እንደምትወደው ጠየቅኳት። ሜይ ጄሚሰን አለችኝ። ሐኪም ነበረች፤ ላይቤሪያና ሴራሊዮን ሠርታለች። ልጅ ሆና ኡሁራን ቴሌቪዥን ላይ አየች። በ1992 እ.ኤ.አ. ጠፈር የወጣች የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ሆነች። በማግሥቱ ዓመት ራሷ ስታር ትሬክ ላይ ለአንድ ክፍል ተወነች። ያንን ክፍል ያዘጋጀው ደግሞ ሌቫር በርተን ነው። ልጅቷ ይህን ስትነግረኝ የልኬት ሜትሩ አንገቷ ላይ ነበር። «እኔ ጠፈር እወጣለሁ አላልኩም» አለች። «ጤና ጣቢያ ስመደብ ግን ከጋወኑ ሥር ይሄን እለብሳለሁ።»

በ1996 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ አንዲት ሴት ፍርድ ቤት ፍርድ ከሚሰጡ ተራ ዜጎች (ጁሪ) አንዷ ሆና ስትጠራ የስታርፍሊት ልብስ ለብሳ ነው የሄደችው። ጋዜጣው ሁሉ ተገርሞባት ነበር። እኔ አልገረመኝም። ለከባድ ቀን ሰው የክት ልብሱን ይለብሳል።

ዓርብ፣ ጥር 17

ባሕር ዳር። ከሰዓት ደረስን፤ የነርስ ተማሪዋም አብራን ናት። ዘንባባው፣ ባጃጁ፣ የሐይቁ ሽታ። የምናድረው ከሐይቁ ብዙ በማይርቅ የአንድ ልጅ ቤት ነው፤ ወረቀቴ ላይ ያለው ሦስተኛው ቁጥር የእሱ ነው። ኮምፒውተር ይጠግናል። ኢንተርኔቱ የሚፈጥነው ሌሊት ስለሆነ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነስቶ አዲሱን ክፍል አውርዷል። ማንም ሰው እንዳይነካው ፍላሹን በክር አንገቱ ላይ አስሮታል።

ማታ ዘጠኝ ሆንን። ምንጣፍ ላይ፣ አልጋ ላይ፣ በር ላይ። ቡና ተፈላ። ርዕሱ «ኒው ኤደን» ይላል። ያዘጋጀው በ«ቀጣዩ ትውልድ» የፒካርድን ምክትል ራይከርን ሆኖ የሠራው ጆናታን ፍሬክስ መሆኑ ሲጻፍ ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ታሪኩ በምድር ላይ ከተነሳ ሦስተኛ የዓለም ጦርነት የተረፉ ሰዎች ዘሮች ከነቤተ ክርስቲያናቸው በሩቅ ዓለም ተገኝተው ነው። መብራት የላቸውም። እንዴት እዚያ እንደደረሱ አያውቁም። የተለያየ ሃይማኖት መጽሐፍ ገጾች አንድ ላይ ሰፍተው ያነባሉ። ፀጉር አስተካካዩ ለየኔታ እየነገረ፣ እኛም እያየን፣ ግማሹን አለፍን።

መብራት ሄደ።

ላፕቶፑ በባትሪ ቀጠለ። ባትሪው አሮጌ ነው። ፊልሙ ሊያልቅ ሩብ ሰዓት ሲቀረው እሱም ጠፋ። ሰፈሩ በሙሉ ጨለማ። የሆነ ቤት ጄኔሬተር ለመነሳት ሞከረና ተወው። አንዱ የስልክ ባትሪ ሊያበራ ሲል የኔታ «ተወው» አሉት። «ዳርሞክን ልንገራችሁ።»

ሁላችንም እናውቀዋለን። የአምስተኛው ሲዝን ሁለተኛ ክፍል ነው፣ 1991 እ.ኤ.አ.። ካፒቴን ፒካርድ ታማሪያን ከሚባሉ ሰዎች ጋር ይገናኛል። የመንኮራኩሯ አስተርጓሚ ቃላቸውን ይተረጉማል፤ ትርጉሙ ግን አይያዝም። «ዳርሞክና ጃላድ በታናግራ» ይላሉ። «ሻካ፣ ግንቦቹ በወደቁ ጊዜ» ይላሉ። የሚናገሩት በሙሉ በታሪካቸው ነው።

«አሜሪካኖቹ ይሄን ሲያዩ ምን ዓይነት እንግዳ ቋንቋ ነው ይላሉ» አሉ የኔታ በጨለማው ውስጥ። «እኔ መጀመሪያ ስሰማው ዋሸራ ያለሁ መሰለኝ። ‹ቴዎድሮስ በመቅደላ› ብልህ ሌላ ቃል ትፈልጋለህ? ‹በላይ በሶማ› ብልህስ? ሰሙን አስተርጓሚው ይሰጥሃል። ወርቁን ካልኖርክበት አታገኘውም።»

ከዚያ ተረኩት። ሁለቱ ካፒቴኖች ባዶ ዓለም ላይ፣ በመካከላቸው እሳት፣ ዙሪያቸው የማይታይ አውሬ። ታማሪያኑ ካፒቴን ለጠብ አይደለም ያመጣው። አብሮ አንድ ጠላት የገጠመ ሰው ይግባባል ብሎ ነው። ቆስሎ ሊሞት ሲል ፒካርድ ከእሳቱ አጠገብ ሆኖ የጥንቱን የመስጴጦምያ ጀግና የጊልጋመሽን ታሪክ ይነግረዋል። የኔታ የፒካርድን ድምፅ አላስመሰሉም። ዝግ ብለው፣ የቆሰለ ሰው ጋ እንደሚነገረው ተናገሩት። እሳቱ ሲንጫጫ፣ የቆሰለው ሲያቃስት፣ ልብሱ አሸዋ ላይ ሲጎተት ሰማሁ። ዘጠኛችንም እሳቸው በሚያዩበት መንገድ ነበር የምናየው። ፀጉር አስተካካዩ ከጎናቸው ነው። በዚያ ሌሊት የሚነግራቸው ነገር አልነበረም።

ሲጨርሱ ነርሷ አፍንጫዋን ስትጠርግ ተሰማ። ኮምፒውተር ጠጋኙ ልጅ ቀስ ብሎ «ዳርሞክና ጃላድ በጣና» አለ። ማንም አልሳቀም። እዚያው ምንጣፉ ላይ አደርን።

ቅዳሜ፣ ጥር 18

ዛሬ የጊዮርጊስ ዝርወተ ዐፅሙ ነው። ገና ሳይነጋ ቅዳሴው ከሐይቁ ዳር ካለው ጊዮርጊስ ተሰማ። የኔታ ቀድመው ሄደዋል፤ ደርሼባቸው አብረን ተመለስን።

ሦስት ሰዓት ላይ መብራት መጣ። የቀረችውን ሩብ ሰዓት ጨረስናት። የዲስከቨሪው ካፒቴን ፓይክ ከእነዚያ ሰዎች አንዱ ጋ ተመልሶ ይሄዳል። የሰውየው ቤተሰብ ለብዙ ትውልድ ከምድር የሚመጣ ሰው አለ ብሎ ሲጠብቅ የኖረ ነው። ፓይክ የኃይል ምንጭ ይሰጠዋል። ፀጉር አስተካካዩ እንዲህ ሲል ሰማሁት።

«ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ብቻውን ነው። ሽቦውን አገናኘው።»

«ከዚያስ?»

«በራ። አምፖሎቹ በሙሉ በሩ። ውጭ ያለው ሕዝብ ወደ መስኮቱ እየመጣ ነው።»

የኔታ ፊታቸውን ወደ ላይ አቀኑ። ቤታችን ውስጥ ጣሪያው ላይ የምትበራው አንድ አምፖል ነበረች፤ ሌሊት ሳናጠፋት ቀርተን።

ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ዳር ተቀምጠን ዓሣ በላን። ክርክሩ እንደገና ተነሳ፤ ፓይክ ቀዳሚት ሕግን ጥሷል ወይስ አልጣሰም? እስከ ምሽት አላለቀም። የኔታ «አንድም» እያሉ ሦስት መንገድ ሰጡት። ሦስቱንም በጋዜጣ ጠርዝ ላይ ጻፍኩ። ነርሷ «የኔታ፣ አራተኛ የለውም?» ስትል «አለው፤ ለነገ ይቆይ» አሏት።

አሥራ ሦስተኛውን ደብተር ለፀጉር አስተካካዩ አስረከብኩ፤ በመንገዱ ለመምህሩ ያደርስልኛል። በምትኩ አዲስ፣ ያልተነካ ደብተር ሰጠኝ። «ደንቡን ታውቃለህ» አለኝ። «የኒው ኤደን ባለዕዳ አንተ ነህ።» መነኸሪያ ልሸኛቸው ስሄድ የኔታ እጃቸውን አነሱ። ጣቶቻቸው ሁለት ሁለት ሆነው ተለያዩ። «ዕድሜ ይስጥህ፣ ይቅናህ» አሉኝ። በስፖክ አንደበት የሚነገረውም ከዚህ የራቀ አይደለም።

እሑድ፣ ጥር 19

በሞጣ መንገድ ተመለስኩ። አዴት፣ ሞጣ። መንገዱ ረጅም ነው። ከአጠገቤ አንዲት እናት ተቀምጠዋል፤ ቢቸና ይወርዳሉ። እግራቸው ሥር በፌስታል የተጠቀለለ ጌሾ አለ።

ደብተሩን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁ። ርዕሱን በቀይ ጻፍኩ። መኪናው ስለሚንገጫገጭ ፊደሌ ተጣመመ። አንድ ገጽ ተኩል ስደርስ እናትየዋ ዘንበል ብለው አዩ።

«ልጄ፣ ፈተና አለብህ እንዴ?»

«አይ እማማ፣ ታሪክ እየጻፍኩ ነው።»

«የምን ታሪክ?»

ከየት እንደምጀምር አሰብኩ። መንኮራኩሩን፣ ሲዝኑን፣ ዓመተ ምሕረቱን ተውኩት። «ከአገራቸው በጣም የራቁ ሰዎች ነበሩ» አልኳቸው። «ቤተ ክርስቲያን አላቸው፣ መብራት ግን የላቸውም።»

ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደ እኔ ዞሩ።

«እሽ፣ ከዚያስ?»